አራተኛው ካሜራ

አቶ እንግዳ የግቢውን የጥበቃ ካሜራ ራሴ ልግጠም ያለው ሰው ስለማያምን ነው። ባለሙያ ቢጠራ፣ ባለሙያው የግቢው የቱ ጋ እንደሚታይና የቱ ጋ እንደማይታይ በልቡ ይዞ ይሄዳል ባይ ነው። ይህንኑ ለሚስቱ ለማናዬ ሦስት ቀን ሙሉ እየደጋገመ ነገራት። ከዚያ በኋላ ከሥራ መልስ ዩቲዩብ ላይ ተተክሎ የገመድ አዘረጋጉን፣ የሌንሱን ስፋት፣ ከመሬት ስንት ሜትር ከፍ ቢል እንደሚሻል አጠና።

መካኒሳ አቦ ካለው ግቢያቸው ዕቃ መጥፋት የጀመረው ክረምት ሲገባ ነበር። መጀመሪያ የውሃ ፓምፑ ጠፋ። ቀጥሎ የግድግዳ መብሻው ድሪል። ከዚያ አንድ ባልዲ ሙሉ በርበሬ።

ማናዬ ሌባውን ታውቀዋለች። በእጇ የምታቀብለው እሷ ናት። ታናሽ ወንድሟ ሲራክ ጫት ቤት ውሎ ጫት ቤት የሚያመሽ ሰው ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ሰው በተሰበሰበበት ሠርግ ላይ እንግዳን ሰድቦት፣ እንግዳም በአቦ ስም ምሏል፤ ሲራክ ከዚህ ቤት አንዲት ፍርፋሪ ከቀመሰ ማናዬ ሻንጣዋን ይዛ ትወጣለች። እንግዳ ምሎ ያጠፈበትን ቀን ማናዬ አታስታውስም። ስለዚህ ሲራክ በበር አይመጣም። ከጓሮው አጥር ማዶ ባለው ክፍት ቦታ ቆሞ ግንቡን በድንጋይ ሁለቴ ያንኳኳል፤ እህቱም ያገኘችውን ታሻግርለታለች።

ካሜራውን ለመግዛት ሀይሌ ጋርመንት አብረው ወረዱ። እንግዳ ባለሱቁን አደረቀው። በጨለማ ያያል ወይ? ዝናብ ይችላል ወይ? መብራት ሲጠፋስ? ድምፅ የሚቀዳው አንዱ ብቻ ስለሆነ እሱን ለውጭው በር አሰበው። ባለሱቁ ለእንደዚህ ያለ ግቢ አራት ያስፈልጋል፣ አራተኛው ለጓሮ ነው ሲል፣ ማናዬ ጣልቃ ገባች። ጓሮው ግንብ ነው፣ ግንብ ቆሞ ይታያል እንዴ አለች። እንግዳ ሳቀ። ሚስቱ ቆጣቢ በመሆኗ ባለሱቁ ፊት ኮራባት፤ ሦስቱን ገዝተው ተመለሱ።

ቅዳሜ ጠዋት ከጎረቤት በተዋሰው ድሪል ግድግዳውን መብሳት ጀመረ። መሰላሉን የያዘለት ዘበኛው ዋቅቶላ ነበር። ዛሬ ቤቱ ያረፈበት መሬት ድሮ የዋቅቶላ አባት ሽምብራ የሚዘሩበት ማሳ ነው። ዋቅቶላ መሠረት ለመቆፈር በቀን ሠራተኝነት መጥቶ፣ ቤቱ ሲያልቅ ዘበኛ ሆኖ ቀረ። ልጁ ሶሬቲ እዚያው አቦ ክርስትና ስትነሣ ያነሣቻት ማናዬ ናት። ከዚያ ወዲህ ማናዬና ዋቅቶላ በስም ተጠራርተው አያውቁም። እሱም "አበልጄ"፣ እሷም "አበልጄ"።

አንዱ ካሜራ ከውጭው በር ላይ፣ አንዱ በረንዳው ላይ፣ ሦስተኛው ዕቃ ቤቱ አናት ላይ ተሰቀለ። እንግዳ ስልኩን ይዞ ቁጭ አለና ማናዬን አዘዛት፤ እስክትጠፊብኝ ድረስ ወደ ጓሮ ሂጂ። ማናዬ ከዕቃ ቤቱ በር ተነሥታ ሄደች። የልብስ ማጠቢያው ገንዳ ጋ ስትደርስ ባሏ ከወዲያ "ጠፋሽ" አላት። ቆመች። እግሯ ያረፈበትን ንጣፍ አየችው፤ ጥግ ጥጉ የተሸረፈ ነው። አልረሳችውም።

በሳምንቱ ግንቡ ሁለቴ ተንኳኳ። ሲራክ ባዶ እጁን አልሄድም አለ። ዕቃ ቤት ውስጥ ሩብ ኩንታል ጤፍ አለ፤ እሷ ከተሸከመችው ግን እስከ ገንዳው ድረስ ካሜራው ያያታል። ዋቅቶላን ጠራችው።

"አበልጄ፣ ይቺን እስከ ጓሮ አድርስልኝ።"

ይህን ስትለው ክፉ አላሰበችለትም። ያሰበችው ስለ ራሷ ብቻ ነው። ዋቅቶላ ጆንያውን ተሸክሞ ሄደ፣ ግንቡ ላይ አወጣው፣ ከማዶ ሁለት እጅ ተቀበለው። ምንም አልጠየቀም። እጁን አራግፎ ወደ በሩ ተመለሰ።

እንግዳ ቀኑን ሙሉ የተቀረፀውን እራት እየበላ እንደ ዜና ያየው ነበር። ያን ዕለት ጉርሻው አፉ ውስጥ ቆመ። አንድ ሰው ጆንያ ተሸክሞ ገንዳው ጋ ይጠፋል፤ ትንሽ ቆይቶ ባዶ እጁን ይመለሳል።

በማግሥቱ ጠዋት ዋቅቶላ በረንዳው ላይ ተጠራ። እንግዳ ስልኩን ፊቱ ላይ ደገነበት።

"ይሄ ማነው?"

"እኔ ነኝ ጋሼ።"

"ጆንያውስ የት ገባ?"

ዋቅቶላ አንድ ጊዜ ማናዬን አያት። አንድ ቃል ይበቃው ነበር። እሷም ቃሉን ከንፈሩ ላይ ያየችው መሰላት፤ ሻንጣዋን በእጇ ይዛ በር ላይ መቆሟ ታያት። ቀደመችው።

"ዋቅቶላ፣ ቸግሮህ ከነበረ ለምን አልጠየቅኸኝም? ልጅህን አይደለም ወይ ያነሣሁት?"

ድምፅዋ ለስላሳ ነበር። ዋቅቶላ ስሙን ከአፏ ሲሰማ አንገቱን ደፋ።

"አልጠየቅሁም፣ እትዬ" አለ። "ጥፋቱ የኔ ነው።"

እንግዳ ፖሊስ አልጠራም፤ ለዚህም ማናዬ ትልቅ ልብ አለህ ብላ አመሰገነችው። ዋቅቶላን ግን ውጭው በር ካሜራ ሥር አቆመው፣ ቆቡን አስወለቀው፣ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አዞረው። ያን ምስል ከጆንያው ቪዲዮ ጋር ቀጥሎ በሰፈሩ የቴሌግራም ቡድን ላይ ለቀቀው። ከመካኒሳ እስከ ላፍቶ በር የሚያስጠብቀው ጠፋ። ዋቅቶላ ለቤተሰቡ ያወራው ሌላ ነው፤ ካሜራ ተገጥሟል፣ ከእንግዲህ ሰው አያስፈልግም አሉኝ አላቸው።

ጥቅምት አምስት የአቦ ንግሥ ነው። በየዓመቱ በዚህ ቀን ማናዬ የክርስትና ልጇን አዲስ ቀሚስ አልብሳ፣ እጇን ይዛ ታቦቱን ታሳልማት ነበር። ዘንድሮ ባልና ሚስት ኪዳን አድርሰው ገና መመለሳቸው ነው፤ የእንግዳ ስልክ ጮኸ። የውጭው በር ካሜራ ነው። ሶሬቲ ቆማለች። የአምናው ቀሚስ ጉልበቷ ላይ ቀርቷል፤ በፌስታል ድፎ ዳቦ ይዛለች።

እንግዳ ምስሉን አቅርቦ አያት። ከዚያ ልጅቷ ምን አጠፋች፣ ልክፈትላት ብሎ ተነሣ።

ማናዬ ክንዱን ያዘችው። ሶሬቲ ሲራክን ታውቀዋለች። ክረምት ላይ ጓሮ ስትጫወት ግንቡ አናት ላይ አይታው፣ ከረሜላ ወርውሮላት፣ ከዚያ ወዲህ አጎቴ እንዴት ነው እያለች ትጠይቃለች።

"አትክፈት" አለች። "ዛሬ ካስገባናት ነገ አባቷን ትተካለች።"

እንግዳ ተመልሶ ተቀመጠ።

ሶሬቲ አንኳኩታ ስታበቃ ቀና ብላ ካሜራውን አየችው። ፀጉሯን በምራቋ አስተካከለች።

"እማ ማናዬ፣ እኔ ነኝ" አለች ከስልኩ ውስጥ። "አባዬ በዚህ ታይሻለች ብሎኛል።"

ከዚያ ቀሚሱ እንዲታይ ቀስ ብላ ዞረች። አንድ ጊዜ ዞራ ምላሽ ስታጣ፣ ያልታየች መስሏት ወደ ኋላ ፈንጠር ብላ እንደገና ዞረች። ከወደ ቤተ ክርስቲያኑ ከበሮ ይሰማል። ታቦቱ ሊወጣ ነው። ልጅቷ አንዴ ወደ ከበሮው፣ አንዴ ወደ ካሜራው እያየች ብዙ ቆመች። በመጨረሻ ፌስታሉን ከበሩ ደፍ ላይ አስቀምጣ፣ በሩን እንደ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ስማው ብቻዋን ሄደች።

"ድምፁ እንዴት ጥርት ይላል" አለ እንግዳ።

ከቴሌቪዥኑ ሥር አንድ ካርቶን አወጣ። አራተኛው ካሜራ ነው፤ ትናንት ሀይሌ ጋርመንት ተመልሶ ገዝቶታል። እንደዚህ ያለ ሌባ ብቻውን አይሠራም፣ ከግንቡ ማዶ ተቀባይ አለው፣ እሱን ሳልይዝ አልተኛም አላት። በበዓል መሥራት ባይገባም ሦስት ብሎን ነው፣ አቦ ይቅር ይለኛል አለ። አሁን መሰላል የሚይዝ ዘበኛ ስለሌለ እሷን ጠራት።

ማናዬ ተከትላው ወጣች። ጥጉ የተሸረፈው ንጣፍ ላይ ቆማ መሰላሉን በሁለት እጇ ያዘች። እንግዳ ሁለተኛውን ብሎን ሲያጠብቅ፣ ኪሱ ውስጥ ያለው ስልክ ጮኸ።

"ማን መጣ፣ እይልኝ" አላት ከላይ ስልኩን እያቀበላት።

አየች። ውሻ ነው። ፌስታሉን ቀድዶ ድፎውን እየበላ ነው።

"ማንም አይደለም" አለች።

ከግንቡ ማዶ ድንጋይ ሁለቴ አንኳኳ።