ኮሌታና ክርን

«መጣ!» አለ በር ላይ የቆመው ጎረቤት። ኦነር ለለቀስተኛው የምታዞረው የትምባሆ ሳህን ከእጇ ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

የመጣው ማላኪ ነው። እሑድ ዕለት መስቀለኛው መንገድ ላይ፣ ኮሌታና ክርን ተያይዘው በሚታገሉት የአገሩ ትግል፣ ባሏን ዳርቢን ጣለው፤ ዳርቢ በማግስቱ ሞተ። ይኸው ጠረጴዛ ላይ ነጭ አንሶላ ለብሶ ተጋድሟል።

ልጇ ሎርካን እህል አልቀመሰም። «እዚህ ቤት ከገባ አንገቱን እሰብረዋለሁ» ብሎ ምሏል። ሎርካን ገና ለጋ ነው፤ ማላኪ ደግሞ አባትየውን የጣለ ጉልበተኛ። ማን ማንን እንደሚሰብር እግዜር ይወቅ። ብቻ ኦነር ሁለተኛ ሬሳ ታያት።

ሽማግሌው ፔይዳር ፒፓውን ከአፉ ነቀለ። «ዳርቢ ይህን ዛቻ ቢሰማ የትግሉ ዳኛ ካልሆንኩ ብሎ ይነሳ ነበር» አለ። የሳቀለት የለም።

ማላኪ ባርኔጣውን አውልቆ ገባ። «እትዬ ኦነር፣ እግዜር ያጽናዎት።»

ሎርካን ዘሎ ኮሌታውን ጨመደደው። ጨርቁ ተተረተረ።

«ያዘኝ! አባቴን እንደያዝከው ያዘኝ!»

«አልይዝህም።»

«ፈሪ!»

«እሺ፣ ፈሪ ነኝ።»

ኦነር እሑድ ማታ ትዝ አላት። ዳርቢ ቅልጥሙ በርግጫ ጠቁሮ፣ እያነከሰ፣ እየሳቀ ነበር የገባው። ኮቱን እንደ ልማዱ ጭኗ ላይ ጣለላት። ከትግል በኋላ ኮሌታው ሳይቀደድ ተመልሶ አያውቅም፤ እሷም ሳትሰፋለት ቀርታ አታውቅም። «በራሴው ዘዴ ጣለኝ እኮ!» አላት። ከዚያ ድንቹን በልቶ፣ ራሴን አመመኝ ብሎ ተኛ።

«ልቀቀው» አለችው ልጇን። «አባትህ እየሳቀ ነው የገባው። ንጹሕ አጣጣል ነው አለኝ፤ እኔው ያስተማርኩት ነው ብሎ ኮርቶ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«መች ጠየቅከኝ? ስትምል ነው የከረምከው።»

ሎርካን ኮሌታውን አልለቀቀም። ጣቶቹ እንደጨበጡ ግንባሩ ማላኪ ደረት ላይ ወደቀ፣ ጉልበቱም ከዳው። ያኔ ማላኪ የልጁን ክርን ያዘ፤ እንዳይወድቅ።

ኦነር ሳህኑን አስቀመጠች።

«ኮትህን አምጣ» አለችው ማላኪን።

«እትዬ፣ ግድ የለም...»

«አምጣ አልኩህ!»

ከዳርቢ ራስጌ ተቀምጣ መርፌዋን አወጣች። ለትግል ኮሌታ ነጠላ ክር አይበረክትም። እንደ ሁልጊዜው ክሩን ደርባ ቋጠረችው።