«የለም» እና «አላገኘሁም»

አናጢውና ረጅሙ ሰውዬ ከጉርምስናቸው ጀምሮ ጓደኛሞች ነበሩ። ሲጣሉም ሲታረቁም ሽማግሌ አያስገቡም። ረጅሙ ሕንፃ ያሠራል፤ አናጢው በርና መስኮቱን ይሠራለታል። በመካከላቸው ውል የሚባል ነገር ተጽፎ አያውቅም። ለምን ብሎ የጠየቀ ሰው ካለ አናጢው፣ «ከሱ ጋር ከተፈራረምኩማ ከገዛ ጥላዬም ጋር መፈራረም ሊኖርብኝ ነው» ብሎ ይስቅበታል።

የአናጢው የእህት ልጅ ፕሮግራመር ናት። የምትሠራበት ድርጅት አምስት ጠረጴዛና አንድ የሚያፈስ ማቀዝቀዣ ያለው ትንሽ ቢሮ ነው። ሰዎች ብሎክቼይን በሚባለው የኮምፒውተር መዝገብ ዲጂታል ገንዘብ ሲላላኩ እያንዳንዱ ዝውውር ደረሰኝ ይወጣለታል፤ ደረሰኙ ግን ፊደልና ቁጥር የተደበላለቀበት ስለሆነ ለተራ ሰው አይነበብም። እሷ የሠራችው ረዳት ፕሮግራም የዝውውሩን መለያ ሲሰጡት ደረሰኙን ፈልጎ፣ አንብቦ፣ በሰው ቋንቋ ይመልሳል፤ ማን ላከ፣ ለማን ደረሰ፣ ተሳካ ወይስ ከሸፈ። ሥራው እንዳለቀ በመጀመሪያ የጫነችው በአጎቷ ስልክ ላይ ነበር። አጎቷም ላገኘው ሁሉ ያሳይ ነበር።

በዚያ ሰሞን ረጅሙ ለዕቃ ግዢ ውጭ አገር ነበር። ለሚያሠራው አዲስ ክሊኒክ በሮች የሚሆነውን ገንዘብ በባንክ ከማመላለስ በዲጂታል መላክ ይቀላል አለና ላከ። የዝውውሩን መለያ ጨምሮ፣ «ልኬልሃለሁ፣ እንጨቱን ግዛ» ብሎ ጻፈ። አናጢው ስልኩን ቢከፍት ምንም የለም። በማግስቱም የለም። እንጨት ሻጩ ደግሞ እየደወለ፣ «ትወስዳለህ ወይስ ለሌላ ልስጥ?» ይለዋል።

አናጢው የእህቱን ልጅ ረዳት ጠየቀው።

«እንዲህ ያለ ዝውውር የለም» አለው።

«እርግጠኛ ነህ?»

«አዎ። በዚህ መለያ የተመዘገበ ምንም ዝውውር የለም።»

ለጓደኛው አልደወለም። እንጨቱን በዱቤ ወሰደ፤ ነገሩን ግን በሆዱ ይዞ ከረመ። ረጅሙ ተመልሶ በሕንፃ ሠሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ ፊት ለፊት ሲገናኙ፣ እሱም እጁን ዘርግቶ፣ «በሮቼስ እንዴት ሆኑ?» ሲል፣ አናጢው ገነፈለ።

«ዐይንህን በጨው ታጥበህ በሮቼ ትላለህ? ሳትልክ ልኬያለሁ የምትል ውሸታም!»

ረጅሙ ጃኬቱን ከወንበሩ ላይ አነሣና ወጣ። ከዚያ ቀን በኋላ ሁለቱ ሆድና ጀርባ ሆኑ።

ልጅቷ ይህን የሰማችው እሑድ ምሳ ላይ ነው። አጎቷ ታሪኩን የነገራት እሷን ለማመስገን ነበር።

«ያንቺ ማሽን ባይኖር ኖሮ ጅል ሆኜ ልቀር ነበር» አላት። «አጥብቄ ጠየቅሁት፤ ቃሉን አላጠፈም።»

የአጎቷ ሚስት ሳህን እያነሣች፣ «እኔ ግን ያ ሰው ይዋሻል ብዬ አላምንም» አለች።

ልጅቷ መለያውን ከስልኩ ላይ ገልብጣ ወሰደች። ሰኞ ጠዋት ቢሮ ገብታ ረዳቷ ምን እንደሠራ ተመለከተች። ብሎክቼይን አንድ አይደለም፤ ብዙ ኔትወርክ አለ። በተለያዩ መንገዶች ላይ አንድ ዓይነት የቤት ቁጥር እንዳለ ማለት ነው። ረዳቷ የፈለገው በአንዱ መንገድ ብቻ ነበር፤ እዚያ ሲያጣ፣ «የለም» አለ። በሌሎቹ ላይ እሷ ራሷ ፈለገች። በሦስተኛው ላይ ደረሰኙ ወጣ፦ ተሳክቷል። ተቀባዩ የአጎቷ አድራሻ ነው። ቀኑም ረጅሙ መልእክት የጻፈበት ቀን ነው። ገንዘቡ ይህን ሁሉ ጊዜ በአጎቷ እጅ ነበር፤ ስልኩ ያንን ኔትወርክ እንዲያሳይ ስላልተስተካከለ ነው ያላየው።

ለአለቃዋ አሳየችው።

«ይሄማ ስህተት አይባልም» አለ አለቃዋ። «አላገኘም፣ የለም አለ። ምን ልዩነት አለው?»

«ቁልፉ የጠፋበት ሰው ኪሱን ብቻ ፈትሾ ቁልፍ የሚባል ነገር የለም ይላል?»

«ኧረ ተይኝ በጠዋቱ! ገንዘቡ ተገኝቷል አይደል? ዘግይቶ ገባ በይው። እሱም ደስ ይለዋል፣ እኛም ስማችን አይነሣም።»

ወደ አጎቷ የእንጨት ሥራ ቤት ስትሄድ ይህን ምክር እያላመጠች ነበር። መጥፎ ምክር አልመሰላትም። ዘገየ ከተባለ አጎቷም አልተሳሳተም፣ ጓደኛውም አልዋሸም፣ የእሷም ሥራ አልተነካም።

አጎቷን መጋዙን እያስጮኸ አገኘችው። የስልኩን ቅንብር አስተካክላ ገንዘቡን አሳየችው። መነጽሩን ከግንባሩ አወረደና ቁጥሩን አየ።

«ዘግይቶ ነው የገባው?» አለ።

መልሱ በእጇ ላይ ተቀምጦላት ነበር። አንዴ «እ…» አለች፣ ከዚያ ግን ተወችው።

«አይደለም ጋሼ። በላከበት ቀን ነው የገባው። የተሳሳተው የኔ ረዳት ነው።»

መጋዙን አጠፋ።

«እርግጠኛ ነህ ወይ ብዬ ጠይቄው ነበር እኮ። ታዲያ ለምን አዎ አለኝ?»

«እርግጠኛ መስሎ እንዲናገር አድርጌ ስለሠራሁት።»

አናጢው በተላገ እንጨት ላይ ተቀመጠ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ያንን ቃል አዳራሽ ሙሉ ሰው ሰምቶታል። ተነሥተው ወደ ረጅሙ ቤት ሄዱ።

በሩን ራሱ ረጅሙ ከፈተ። ሁሉንም ያስረዳችው ልጅቷ ናት። ረጅሙ እስከ መጨረሻው አዳመጣት።

«አንቺ ልጄ፣ ለመንገር መምጣትሽ ጥሩ ነው» አለ። «ማሽን ነው፣ ይሳሳታል። ይኼ ግን…» ወደ ጓደኛው ዞረ። «አንተ ስልክ አልነበረህም? ደውለህ ብትሰድበኝ እኮ እስቅብህ ነበር። ማሽኑን ሁለቴ ጠየቅህ፣ እኔን አንዴም አልጠየቅህም።»

«አጥፍቻለሁ» አለ አናጢው። «በሰው ፊት የሰደብኩህን በሰው ፊት እክሳለሁ።»

«እንደፈቀድክ» አለ ረጅሙ። ግቡም፣ ሂዱም አላላቸውም።

አናጢው ቃሉን ጠበቀ። በሚቀጥለው ስብሰባ ተነሥቶ፣ ገንዘቡ በጊዜው ደርሶኝ ነበር፣ ውሸታም ያልኩት በሐሰት ነው አለ። ረጅሙ በዚያ ቀን አልመጣም። የክሊኒኩን በሮች በሠራተኞቹ አስወሰደ፤ የሚቀጥለውን ሕንፃ በሮች ግን ለሌላ አናጢ ሰጠ። መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላምታ አለ፤ ከሰላምታ ያለፈ የለም።

ልጅቷም ረዳቷን አስተካከለች። አሁን ደረሰኝ ሲያጣ የፈለገባቸውን ኔትወርኮች ጠርቶ፣ «እዚህ አላገኘሁትም፤ ሌላ ቦታ ሊኖር ይችላል፤ ላኪውን ይጠይቁ» ይላል። አለቃዋ ረዘመ ብሎ አጉረመረመ። አላሳጠረችውም።

ከወራት በኋላ የረጅሙ ወንድም ታሞ ሆስፒታል ገባ። አናጢው ሰምቶ ሄደ፤ አመሻሽ ላይ ተመልሶ መጣ። ልጅቷ እዚያው ቤት ነበረች።

«አገኘኸው?» አለችው።

«አገኘሁት። ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር አለ፤ እዚያ ተቀምጠን ዋልን።»

«ምን አወራችሁ?»

«ምንም። ሊፍቱ ተበላሽቷል፣ በሽተኛ በደረጃ ያወጣሉ። ስለሱ አወራን። ወንድሙ ዛሬ ትንሽ ሾርባ ቀምሷል አለኝ።»

«ታረቃችሁ ማለት ነው?»

ጫማውን አወለቀ።

«እንጃ» አለ። «ነገም እሄዳለሁ።»