ጽዶቹን ማን ተከላቸው

ሰው የመሬት ታሪክ ሲጠይቅ መሬቱን እየጠየቀ ነው። እኛ የሆጤ ሰፈር ሰዎች ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አላስፈለገንም። ስለዚህ ሙንዚር የሚባለው የኮምቦልቻ መሐንዲስ አንድ ማለዳ፣ ጉሙ ገና ሳይነሳ፣ ይህን መናፈሻ ማን አቀናው፣ ጽዶቹንስ ማን ተከላቸው እያለ ቤት ለቤት ሲዞር፣ ሰፈሩን ሁሉ መርሳት ያዘው።

የማንንም ዘር እስከ ሰባት ቤት ቆጥረው የሚያወርዱት ሼህ ዘይኑልአቢዲን፣ እኔ እንኳ ከገጠር የመጣሁት በቅርብ ነው አሉት። በቅርብ ያሉት በደርግ ጊዜ ነው። እትዬ ገበያነሽ ለዚህ ሰፈር ሲዳሩ ጽዶቹ ልክ እንደዛሬው ቆመው እንደተቀበሏቸው ነገሩት። እናቴ ሸሪፋ ደግሞ ጣቷን ወደ ሰማይ ቀስራ፣ አላህ ነው የተከላቸው አለችው። ልጁ "ወላሂ እሱስ ልክ ነው" ብሎ ሳቀ። ሳቁን አልወደድኩለትም። የሚስቅ መሐንዲስ ለክቶ የጨረሰ ነው።

መናፈሻው ሊታደስ ነው ተብሏል። አዲስ አጥር፣ የድንጋይ መቀመጫ፣ በሩ አጠገብ ሻይ ቤት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ታሪኩ የሚቀረጽበት እብነ በረድ። መቀመጫው ይገባኛል። ሻይ ቤቱም ይገባኛል። ሰው ጥላ ሥር ለመቀመጥ ታሪክ ምን ያደርግለታል?

ለሙንዚር ያልነገርነው ይህን ነው። ከሰባ ሰባቱ ድርቅ በኋላ ይህ ተዳፋት ራቁቱን ነበር፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ የታችኞቹን ቤቶች ይዞ ይወርድ ነበር። ሰው የእርዳታ ስንዴና ዘይት እየተከፈለው እርከን ሠራ፤ የችግኝ ጣቢያም ተቋቋመ። ዘበኛው አባቴ ሀምዱ ነበር። ጠብቅ እንጂ ትከል ያለው አልነበረም። እሱ ግን ከቦሩ ሜዳ ድረስ የጽድ ችግኝ በትከሻው እየተሸከመ አምጥቶ ተከለ፤ በጋውን ውሃ እየቀዳ አጠጣ። በሩ አጠገብ አንዲት ክፍል የዘበኛ ቤት ሰጡት። ጣቢያው ሲዘጋ ውጣ ያለው ስላልነበረ አልወጣም። በዚያችው ክፍል ሞተ፤ እኛም እስከ ዛሬ አለንባት። ካርታ የላትም።

እንግዲህ የአባቴ ስምና ቤታችን አንድ ላይ የተሰፉ ናቸው። ስሙ ድንጋይ ላይ ከወጣ፣ ዘበኛው የት ይኖር ነበር የሚል ጥያቄ ይከተላል። ከስምንተኛ ክፍል ብወጣም ያገኘሁትን ሁሉ እያነበብኩ ያደግሁ ነኝ፤ የአባቴን ታሪክ ከማንም ባለ ዲግሪ አሳምሬ እጽፈው ነበር። እናቴ ግን "ዊዳድ፣ ስም ዝናብ አያስጠልልም" ብላ አፌን ዘጋችው።

ስለዚህ ሙንዚርን መጠበቅ ሥራዬ ሆነ። ሜትሩን ሲዘረጋ እወጣለሁ፤ ሲጠቀልል እገባለሁ። አንድ ቀን የቤታችንን ግድግዳ በጣቱ መታ መታ አድርጎ፣ ጭቃው ስንት ዓመቱ ነው ሲል ጠየቀኝ።

"በዕድሜ ታናሽህ ነው፤ በአመል ግን ይበልጥሃል" አልኩት።

ኮምቦልቻ ቢሆን ሰው ቢያንስ ውሃ ያቀርብልኝ ነበር አለ። እዚያ የሚያቀርቡልህ ሙቀቱ እንዳይገድልህ ነው፤ እዚህ ብርዱ ይበቃሃል አልኩት። እንደገና ሳቀ። እኔም እንደገና ጠረጠርኩት።

እሁድ ሰፈሩ ጽዶቹ ሥር ለስብሰባ ተጠራ። ሙንዚር፣ የሚናገር ከጠፋ ድንጋዩ ባዶውን ይቆማል አለ። በልባችን ይቁም አልን። ያኔ ከመናፈሻው ፊት ለፊት ሱቅ ያለው ጋሽ አግማስ ተነሣ። ቤቱ ካርታ አለው፤ ታሪክ አያስፈራውም።

ጽዶቹን የተከለው የገዛ አባቱ እንደሆነ ተናገረ። ከቦሩ ሜዳ በትከሻው ተሸክሞ፣ ዝናብ ላይ ተንሸራቶ ሲወድቅ ችግኞቹን በደረቱ አቅፎ እንዳዳናቸው ተረከ። የኔ አባት ታሪክ ነው፤ ቃል አልጎደለም። ሀምዱ ያን ሁሉ የተረከው እዚያው ሱቅ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። ልነሣ ስል እናቴ ጉልበቴን ጨብጣ አስቀረችኝ። ስሙን ይውሰደው፣ ቤቱን ይተውልን ማለቷ እንደሆነ ገባኝ።

ጋሽ አግማስ ግን አልጨረሰም። በሩ አጠገብ ያለችውንም ክፍል አባቱ በገዛ ገንዘቡ ለዘበኛው ማደሪያ እንደሠራት፣ ዘበኛው ሲሞት ቤተሰቡ እንደተቀመጠባት፣ አሁን ሻይ ቤቱ እዚያ ላይ ቢሠራና እሱ ቢይዘው ፍትሕ እንደሚሆን ተናገረ። እኔ ይህን ሁሉ ቀን የእንግዳውን እጅ ስጠብቅ፣ ሌባው ጨው የሚሸጥልኝ ሰው ኖሯል።

የእናቴ እጅ ከጉልበቴ ላይ ተነሣ። ከዚያ ራሷ ተነሣች።

"አግማስ" አለችው፣ ድምፅዋን ሳታነሳ። "ጽዶቹን አባቴ ተከለ ብለህ በታቦትህ ማል። ከማልክ ዛሬውኑ ዕቃዬን አውጥቼ እለቅልሃለሁ።"

ጋሽ አግማስ ዙሪያውን አየ። ለእንዲህ ያለ ትንሽ ነገር መማል በሃይማኖቱ ነውር እንደሆነ ተናገረ።

"መዋሸቱስ?" አሉ እትዬ ገበያነሽ። ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡና ሀምዱ ነው የተከለው፣ እኔ ውሃ አብሬው ቀድቻለሁ አሉ። ሼህ ዘይኑልአቢዲንም ከገጠር የመጡበት ቀን ሀምዱ ጉድጓድ ሲቆፍር እንዳገኙት አስታወሱ። ሁሉም አስታወሰ። እኔም አላስችል ብሎኝ፣ እትዬ፣ ከትናንት ወዲያ፣ ስዳር ቆመው ተቀበሉኝ አላላችሁም ወይ አልኳቸው።

"አንቺ ልጅ፣ ምላስሽ እንጂ ዓይንሽ አልተሳለም" አሉኝ። "አላውቅም ያልነው ለማን ቤት ብለን መሰለሽ?"

ሁሉም የየራሱን ግድግዳ የሚደብቅ ነበር የመሰለኝ።

ሙንዚር እንግዲህ የምንፈራውን ጥያቄ አመጣው፤ ያች ክፍል የጣቢያው የዘበኛ ቤት ናት ማለት ነው አለ። ሰፈሩ ወደ እናቴ ዞረ። አይደለችም ብትል አይደለችም የማይል አፍ እዚያ አልነበረም። እኔም በልቤ፣ በይው እማ፣ አይደለችም በይው እያልኩ ነበር።

"ናት" አለች። "ሰው የባሌን ሥራ ለአባቱ ሲወስድብኝ አየሁ። ባሌን ከነቤቱ ጻፈው። ዘበኛ እንደነበረም ጻፍ።"

ሙንዚር፣ እኔ ለድንጋዩ የጠየቅሁት ስለ ዛፎቹ ብቻ ነው አለ። ሰፈሩ መረቀው። እኔ አልመረቅኩትም። ዛሬ ደግ የሆነ ሰው ነገ ይዛወራል፤ ድንጋዩን የሚያነበው ደግሞ የሚተካው ነው።

ድንጋዩ ቆመ፤ የአባቴ ስም አለበት። ቀጥሎ የአጥሩን ጉድጓድ መቆፈር ጀመሩ። ቁፋሮው ከላይ በጽዶቹ ጎን ወርዶ እኛ ጋ ሲደርስ ቤታችንን በመንገዱ በኩል ዞራት፤ ከመናፈሻው ጋር አጥሩ ውስጥ ገባን። ሙንዚርን ጠርቼ፣ በአጥር ውስጥ የሚገባ ወይ ጠባቂ ነው ወይ ንብረት፣ እኛ የትኞቹ ነን አልኩት። እስካሁን የተነገረው ነገር እንደሌለ፣ ቤቷን ጨምሮ ሥዕሉን ለአለቆቹ እንዳቀረበ ነገረኝ። ያን ቀን አልሳቀም። ከሳቁ ይልቅ ይኼ አስፈራኝ።

እናቴ ጉድጓዶቹን አንድ በአንድ እያየች ዞረች። ከዚያ ሠራተኞቹን፣ የመናፈሻው የውሃ ቧንቧ በየት በኩል እንደሚወጣ፣ ማጠጫው ጎማስ እስከ ላይኞቹ ጽዶች ይደርስ እንደሆነ መጠየቅ ጀመረች።