የኡሙልኸይር ድርሻ

«ቤቱን የሠራው በሷ ስም ነው አሉ» አለች ነጂባ፣ ድምፅዋን ዝቅ ያደረገች መስሏት። «በሷ ሀገር፣ በሷ ስም፣ በሷ አባት መሬት ላይ። ታዲያ አሁን እሷ ምን ጎደላት?»

ኡሙልኸይር ማዕድ ቤት ቆማ የሻዩን ፔርሙዝ ክዳን ታጠብቅ ነበር። የነጂባ ሹክሹክታ ሲያትል ኤርፖርት ሊያርፍ በቡሪየን ሰፈር ላይ ዝቅ ካለ አውሮፕላን እንደማያንስ የማታውቀው ነጂባ ብቻ ናት። ሳሎን የተቀመጡት ለቀስተኞች ሁሉ ሰምተዋል። ጥግ ፍራሽ ላይ አንገቷን ደፍታ የተቀመጠችው ስሪም ሳትሰማ አልቀረችም። አማርኛ ያስተማራት ባሏ ነው፤ ሐሜት ለመለየት የሚበቃትን ያህል ታውቃለች።

ባሏ ረመዳን፣ የኡሙልኸይር ብቸኛ ወንድም፣ ከጥቂት ቀናት በፊት ጠዋት ወደ ሥራ ሊወጣ መኪናውን ሲያሞቅ ልቡ ቀጥ ብሎ መሪው ላይ እንደተደፋ ቀረ። ስሪ ጃቫ ከምትባል የኢንዶኔዥያ ደሴት፣ ከሩዝ ገበሬዎች መንደር የመጣች ሴት ናት፤ ታኮማ ውስጥ አረጋውያን ትንከባከባለች። መስጊድ ተያይተው ተጋቡ። ልጅ አልወለዱም።

«ባሏ ነዋ የጎደላት» አለች ኡሙልኸይር በመጨረሻ።

«እሱንማ አውቃለሁ እቴ። እኔ የምለው ስላንቺ ብዬ ነው። ሶ... የአባታችሁ ቦታስ? እሱንም ሸጦ ነው እዚያ የሠራው ይባላል።»

ኡሙልኸይር ፔርሙዙን አንስታ ወደ ሳሎን ወጣች። ቃሉ ግን ተከትሏት ገባ። ወንድሟን ከቀበረች ጀምሮ ከሐዘኗ ጎን ለጎን ቁጣ አለባት። በሬሳ ላይ መቆጣት ነውር መሆኑን ስለምታውቅ ለማንም አልተናገረችም፤ ይልቁንም ሌሎቹ ከሚያለቅሱት አብልጣ አለቀሰች።

አባታቸው የሞቱት ወራቤ አጠገብ ባለችው መንደራቸው ነው። ያኔ እሷ ገና አዲስ ሙሽራ፣ ረመዳን ጺሙ በቅጡ ያልበቀለ ጎረምሳ ነበር። ሽማግሌዎቹ ከእንሰቱ ጓሮ ፊት ለፊት ሰሌን ላይ ተቀምጠው አስጠሯትና «ድርሻሽን ትወስጃለሽ ወይስ ትተዪለታለሽ?» አሏት። መጠየቁ ለወጉ ያህል ነው። ሸሪዓው ለሴት ልጅ ድርሻ ይሰጣታል፤ ልማዱ ደግሞ ዞራ ለወንድሟ እንድትመልሰው ይጠብቃታል። ድርሻዋን የወሰደች እህት መሬት ታገኛለች እንጂ ወንድም አይኖራትም ይባላል። የተወች ግን ለአረፋ በዓል የምትገባበት ቤት፣ ከባሏ ብትጣላ የምትሸሽበት ደጅ አላት።

«ትቻለሁ» አለች። ሽማግሌዎቹ መረቋት፤ እናቷም እልል አለች።

ደግሞም ልማዱ አላሳፈራትም። ትዳሯ ፈርሶ ልብሷን በሻሽ ቋጥራ የተመለሰች ዕለት ረመዳን ከማሳው ሮጦ መጥቶ ጓዟን ከእጇ ወሰደ። ለምን መጣሽ አላላትም። ኋላም እናታቸውን ከቀበሩ በኋላ ዲቪ ደርሶት አሜሪካ ሲገባ አልረሳትም፤ ዓመታት ቢፈጅም አስመጣት። ሲያትል አጠገብ ሾርላይን ውስጥ ከአንድ የልብስ ስፌት ቤት ተቀጥራ፣ በየዓመቱ አረፋ ሲመጣ «አገር ቤት ዘንድሮ ባንሄድ በሚቀጥለው» እየተባባሉ ኖሩ። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት እንደሚባለው፣ ስልኩን ካላነሳ እስኪደውል ድረስ ምግብ አይወርድላትም ነበር።

ይህ ሁሉ የተበላሸው ረመዳን ከሚስቱ ጋር ጃቫ ደርሶ የመጣ ጊዜ ነው። ቤቷ ገብቶ ጃኬቱን እንኳ ሳያወልቅ ያወራ ጀመር።

«እትዬ፣ ብታዪው! ምግባቸውን በቅጠል ይጠቀልላሉ፣ ልክ እንደኛ በኮባ። ማሳው ተራራው ላይ ደረጃ ደረጃ ነው። የታችኛው ውሃ የሚያገኘው ከላይኛው ነው። ስለዚህ ሰው ከጎረቤቱ ተጣልቶ መክረም አይችልም። ተጣላህ ማለት ሩዝህ ደረቀ ማለት ነው።»

«ጥሩ ነዋ» አለች።

«ወጣቱ ግን እየለቀቀ ነው፤ ሁሉም ፋብሪካ ፍለጋ ከተማ ገባ። መንገድ ሊገባ ነው ይላሉ፣ ከተማ ያለው ሀብታም መሬቱን ከወዲሁ እየዞረ ያያል። የስሪ አባት አንድ ጥግ ሰጥተዋታል። ቤት ልሠራበት ነው። ለውጭ ዜጋ መሬት አይፈቀድም፣ ሶ በስሟ ነው የሚሆነው። እሷም ለዚሁ ብላ ነው የአሜሪካ ዜግነት ያልወሰደችው።»

«የአባትህስ ጓሮ?»

ሻዩን ያማስል ጀመር።

«የአባትህን እንሰት ትተህ የሰው ሩዝ ልታጠጣ ነው? እኔ ድርሻዬን የተውኩልህ ለዚህ ነው?»

ረመዳን ክርክር የሚወድ ሰው ነበር፤ የዚያን ቀን ግን አንድም ቃል አልመለሰላትም። ሻዩን ሳይጨርስ ተነሣ። ከዚያ ወዲህም ይደዋወላሉ፣ በዒድ ይገናኛሉ፤ ስለ መሬትና ስለ ቤት ግን ሁለቱም አፋቸውን ዘጉ።

ለቅሶው ሊያበቃ ሲል ወንድምአገኝ ባዶ ፔርሙዝ ይዞ ከጋራዡ ወደ ማዕድ ቤት ገባ። ወንዶቹ የተቀመጡት ጋራዡ ውስጥ ነው፤ በማዕድ ቤቱ በር ይወጣል ይገባል። ወንድምአገኝ የቡታጅራ ልጅ፣ ክርስቲያን፣ ከረመዳን ጋር ኤርፖርት ሻንጣ ሲጭን የኖረ ጓደኛው ነው። ኡሙልኸይር ብቻዋን መሆኗን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እህቴ፣ ሴቶቹ የሚያወሩት ጋራዥም ደርሷል። ሳልናገር ብቀር ነፍሱ ትታዘበኛለች። ረመዳን የአባታችሁን ቦታ አልሸጠም።»

«ታዲያ የት ሄደ?»

«ቀበሌው ወሰደው። እዚያ የማይኖር ሰው የእርሻ መሬት አይዝም አሉና ለሚያርሰው ለአጎታችሁ ልጅ ሰጡት። የአባታችሁ ቤትም ፈረሰ። ረመዳን ትኬት ቆርጦ ሄዶ ተከራክሯል። ከጃቫው ጉዞ በፊት፣ ላንቺ ዱባይ ለዕረፍት ነኝ ያለሽ ጊዜ።»

ኡሙልኸይር የምትቀመጥበት አጣችና ምድጃውን ተደገፈች። «ለምን አልነገረኝም?»

«አፍሮ ነዋ። ‹እትዬ በር እንድጠብቅላት ነበር ድርሻዋን የሰጠችኝ፤ በሩን አስወስጄ በምን አፌ ልንገራት› ይለኝ ነበር።»

ፔርሙዙን ተቀብላ ሻዩን ስትቀዳ ግማሹ ውጭ ፈሰሰ። ወንድምአገኝ ጠረጴዛውን ሲጠርግ እሷ ጀርባዋን ሰጥታ አለቀሰች። ይኼኛው ልቅሶ ቁጣ አልነበረበትም። በሁለት ሀገር መሬት የሌለው ሰው ፊቷ ተቀምጦ ስትሰድበው ዝም ያላት ለካ ለዚህ ነበር።

ማታ ሴቶቹ ሲሄዱ ስሪ ፍራሹ ላይ ቦታ ለቀቀችላት። ሁለቱ የሚግባቡት በግማሽ እንግሊዝኛ በግማሽ አማርኛ ነው።

«ኡሙ፣ አንድ ነገር አለ። መሬቱ አባቴ የሰጠኝ ነው። ቤቱ ግን የረመዳን ነው። እሱ ነው ያሠራው። ስለዚህ ወራሹ እኔ ብቻ አይደለሁም፤ አንቺም ነሽ። እንዲያውም በሃይማኖታችን ያንቺ ድርሻ ከኔ ይበልጣል።»

ኡሙልኸይር ቀና ብላ አየቻት። ከዚህች ሴት የጠበቀችው ይህን አልነበረም።

«ወንድሜ ሱጊቶ መሸጥ ይፈልጋል» አለች ስሪ። «መንገዱ ገብቷል። ቤቱን አፍርሶ ለቱሪስት ማረፊያ ሊሠራ የፈለገ ኩባንያ መጥቷል። ሱጊቶ ክፉ አይደለም። ‹ሩዙን ማን ይተክለዋል? ልጆቼ ከተማ ናቸው፣ ዛሬ ዋጋ አለው፣ ነገ አይታወቅም› ይላል። እኔ ደግሞ የባሌ ዒዳ ላይ ነኝ፤ አራት ወር ከአሥር ቀኑ እስከሚያልቅ ከቤት አልወጣም። የመንደሩ ሹም ወራሽ ሁሉ ካልተስማማ አይፈርምም። አንቺ እንዳለሽ ለወንድሜ ነገርኩት።»

«ምን አለ?»

«ሳቀ። ‹እህት ትተዋለች፣ እዚህም እህቶች ይተዋሉ› አለ። አንቺ ከተውሽ እኔ ብቻዬን ወንድሜን አልችለውም።»

ኡሙልኸይር ሙታን የሚወቀሱበትን ወሬ ስትሰማ ሰንብታ፣ አሁን ደግሞ ከባሕር ማዶ ባለ የሩዝ ማሳ መካከል ድርሻ አለሽ ስትባል፣ እያባበለቻት ይሁን እየለመነቻት መለየት አቃታት። እዚያ ምን አላት? ቋንቋውን አታውቅ፣ ሰዉን አታውቅ። ትቻለሁ ብትል ደግሞ የምትጠቅመው ሱጊቶን ነው። «አላህ ያውቃል» አለችና የስሪን ትከሻ በነጠላዋ አልብሳ ተነሣች።

በሰባተኛው ቀን ሶደቃ ዕለት ዱዓው ተደርጎ፣ ሩዙና ሥጋው ተበልቶ እንዳበቃ የስሪ ስልክ ጮኸ። እዚህ ወደ ማታ ነው፤ እዚያ ግን የማግስቱ ጠዋት። ስሪ ስታነጋግር ፊቷ ተለዋወጠ።

«ሱጊቶ ነው። ሹሙም የኩባንያው ሰውም ማሳው ጋ ቆመዋል። ከባልሽ ወገን ሽማግሌ ያነጋግረኝ ነው የሚለው።»

ኡሙልኸይር ጫማዋን አድርጋ ስልኩን ይዛ ወደ ጋራዡ ወጣች። ስሪ ለመተርጎም ከማዕድ ቤቱ በር ጀርባ ቆመች። ሽማግሌ ከተባለ ያሉት ሀጂ ሸምሱ ናቸው፤ በሲያትል የስልጤ ልጆች ሲጋቡም ሲጣሉም የሚጠሩ፣ ሳይጠሩም የሚመጡ ደግ ሰው። ስልኩ ላይ ቆብ ያደረገ ጎልማሳ፣ ሱጊቶ፣ ታየ። ከኋላው ደመና ያረበበት ተራራና አረንጓዴ ማሳ አለ።

«ሟቹ ሌላ ወራሽ አለው ወይ ነው የሚለው» አለች ስሪ ከበሩ ኋላ።

ሀጂ ሸምሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አለችው፤ እህቱ። ግን ምንም ሐሳብ አይግባህ ልጄ በይልኝ። የኛ ልማድ የታወቀ ነው። እህት ናት፣ ትታለች። እኛም መርቀናል።»

ጋራዡ ውስጥ ያሉት ወንዶች «አሚን» አሉ። ማንም የተለየ ነገር የሰማ አልመሰለውም። ሀጂ ሸምሱ በሕይወታቸው እህት ስትወስድ አይተው አያውቁምና መጠየቅም አልታሰባቸው። ከበሩ ጀርባ ግን ትርጉሙ አልመጣም።

ሱጊቶ ስልኩ ውስጥ እየጠበቀ ነው። ኡሙልኸይር ዝም ብትል በቂ እንደሆነ ገባት። ያኔ ሰሌኑ ፊት ቆማ የተናገረችው ቃል አሁን በሌላ ሰው አፍ እየተነገረላት ነው።

«አልተውኩም» አለች።

«ምን አልሽ ልጄ?»

«አልተውኩም ሀጂ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አንቱን መድፈሬ አይደለም። የአባቴን ተውኩ፤ ለወንድሜ ነበር። ወንድሜ የለም። ይሄን ለማን ልተው? የሠራው ቤት ይሄ ብቻ ነው። ድርሻዬን እወስዳለሁ፤ አልሸጥም። ስሪ፣ ንገሪው። ‹ዒዳዬ ሲያልቅ አብረን እንመጣለን› ብለሽ ንገሪው።»

«ሰው ምን ይላል?» አሉ ሀጂ፣ ከቁጣ ይልቅ ግራ በመጋባት።

«ይበላ። ከወሬ ያተረፈኝ የለም።»

ወንድምአገኝ ከወንበሩ ተነሥቶ አጠገቧ ቆመ። ሌላው ወለሉን ያይ ጀመር። ስሪ በሀገሯ ቋንቋ ተናገረች፤ አማርኛው ካለቀ በኋላም ብዙ ጨመረች። ሱጊቶ አዳመጠና ቆቡን አውልቆ ራሱን አከከ። ዞሮ ከሹሙ ጋር ተነጋገረ። ሹሙ እጁን አወዛወዘ፤ የኩባንያው ሰው ቦርሳውን አንሥቶ ከምስሉ ወጣ። ከዚያም የአንዲት አሮጊት እጅ ስልኩን ከሱጊቶ ተቀበለ። ፊቷ ስክሪኑን ሞላው፣ ዓይኖቿ ያለቀሱ፣ ጥርሶቿ ጥቂት የቀሩ። እያለቀሰች ሳቀችና አንድ ነገር አለች።

«እናቴ ናት» አለች ስሪ። «ተከተይኝ አለችሽ።»

የስልኩ ምስል እየተንገዳገደ ተጓዘ። በቀጭን የማሳ ድንበር ላይ አለፈ፤ በግራና በቀኝ ውሃው ከአንዱ ማሳ ወደ አንዱ ይወርዳል። ያልተቀባ የጡብ ግድግዳ መጣ፣ ከዚያ ቀይ የሸክላ ጣራ፣ ከዚያ የእንጨት በር። በሩ ላይ አሮጊቷ ቆም አለች። ስልኩን ወደ ፊቷ አዞረችና ሁለት ቃል ተናገረች።

ስሪ የማዕድ ቤቱን በር ገርበብ አደረገች። «እናቴ...» አለች፣ እንደገናም ጀመረች፣ «እናቴ ‹ግቢ› እያለችሽ ነው።»

ኡሙልኸይር ስልኩን በሁለት እጇ እንደያዘች፣ ወንዶቹ ሁሉ እያዩዋት፣ ቀዝቃዛው ሲሚንቶ ላይ አንድ በአንድ ጫማዋን አወለቀች።