ባዶ የተተወው የቀይ ቀለም ስፍራ

ከሰው ልጅ ሕማማት ሁሉ የሚመረው፣ አስተዋይ አንባቢ ሆይ፣ የተራቡት ማዕድ መታጣቱ አይደለም፤ ለፍተው ያሰናዱትን ማዕድ ሌላው ሲበላው ቆመው «ይባርክልህ» እንዲሉ መገደድ ነው እንጂ። ሞት እንኳ ሲመጣ ሰበብ አይደረድርም፤ የሹመት ከልካዮች ግን በአንድ እጃቸው ገፍትረው በሌላው ያባብላሉ፤ ነጥቀው ሲያበቁም ትዕግሥትን ይሰብካሉ፤ ያም ትዕግሥት፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ሁልጊዜ የሚሰበከው ለተነጠቀው እንጂ ለነጣቂው አይደለም።

በቀደመው ዘመን፣ በደብረ ከርቤ የጽሕፈት ቤት፣ እጇ የተባረከ፣ ምላሷ የተሳለ ወለተ ሩፋኤል የምትባል ሴት ነበረች። አባቷ ጸሐፊ ነበርና ብራና ስትፍቅለት በጎን እያየች ፊደል ለየች፤ እርሱ ካረፈ በኋላም ለአሥራ ሦስት ዓመታት የደብሩን መጻሕፍት በጥቁር ቀለም ስትጽፍ ኖረች። የዚያ ቤት ሥርዓት እንዲህ ነበር፦ ጸሐፊው የቅዱሳን ስምና መጽሐፉን ያጻፈው ጌታ ስም የሚገባበትን ስፍራ ባዶ እየተወ ይጽፋል፤ ባዶውንም በቀይ ቀለም የሚሞላው ሊቀ ጸሐፍቱ ብቻ ነው። የቀዩ ቀለም መያዣ ቀንድ የሹመቱ ምልክት ነውና ያልተሾመ ቢነካው ይወገዛል። አሮጌው ሊቀ ጸሐፍት፣ እጃቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ፣ «ከእኔ በኋላ ቀንዱ ያንቺ ነው» ሲሏት ኖረዋልና፣ እርሳቸው ባረፉ ጊዜ እንባዋን ጠርጋ፣ ብርዖቿን ቀርጻ ጠበቀች።

የተሾመው ግን የአገሩ ገዥ የደጃዝማች ምናሴ የእኅት ልጅ እሸቴ ሆነ፤ ከብርዕ ይልቅ ልጓም የለመደ፣ ጥምጣሙ ከዕውቀቱ የሚከብድ ሰው። ወለተ ሩፋኤል በደጃዝማቹ ፊት ቆማ አቤት ብትል፣ «ሴት ቀይ ቀለም ይዛ አይተን አናውቅም። ጥቁሩን እንደ ቀድሞሽ ጻፊ፤ ቀዩ ያንቺ አይደለም። ልብሽም እንዳይከፋው ይህን ልበሺ» ብለው ባለ ጥበብ ኩታ አለበሷት። ኩታው ትከሻዋን እንደ ፍም ፈጃት። ካህናቱ በመንገድ እያገኙ «ተይ እኅታችን፣ ታገሺ» ቢሏት፣ «እሸቴ ለምን አይታገሥም? እሱ ገና ዕድሜ አለው!» እያለች አሳፈረቻቸው። ቤቷም ገብታ ያን የማባበያ ኩታ ከመሃሉ ቀደደችው፤ ቁራጩንም የብርዕ መወልወያ አድርጋ በመቀነቷ ሻጠችው።

ከዚህ በኋላ ደጃዝማቹ፣ የክርስትና ስማቸው ገብረ ሕይወት ነበርና፣ በዚህ ስም የሚጠሩበትን የቅዱስ ሚካኤልን ተአምራት የሚናገር መጽሐፍ ለኅዳሩ በዓል አዘዙ። እርሷ ጥቁሩን ጽፋ፣ ባዶውን እንደ ሥርዓቱ ትታ አስረከበች። በዓሉ ሳምንት ሲቀረው እሸቴ መጽሐፉንና ቀንዱን በነጠላው ሸፍኖ ከደጇ ቆመ።

«እሜቴ ወለተ ሩፋኤል፣ ይቺን ቀዩን እኔ እንደጻፍኳት አድርገው ቢሞሉልኝ?»

«እስከ ትናንት ‹አንቺ› ነበርኩ፤ ዛሬ በማን ሹመት ነው እሜቴ የሆንኩት?»

«እባክዎ፣ በአጎቴ ፊት አያዋርዱኝ።»

«ቀዩ ያንቺ አይደለም ያሉኝ አጎትህ ናቸው፤ እኔ የጌታን ቃል አልሽርም። በል ቀንድህን ይዘህ ሂድ፤ ስትወጣ ጎንበስ በል፣ ጥምጣምህን በሩ እንዳይመታብህ።»

የትኛው ባዶ የመልአኩ፣ የትኛው የጌታው እንደሆነ እንደማይለይ ታውቃለች፤ አንዲት ቃል ትበቃው ነበር። ያቺን ቃል ነፈገችው፤ ነፍጋም አልተጸጸተች።

በበዓሉ ቀን፣ ደጃዝማቹ ከነሠራዊታቸው፣ ካህናቱ ከነካባቸው በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ በተሰበሰቡበት፣ አንባቢው ድምፁን አሳምሮ እስከ ምዕራፉ ፍጻሜ በግእዝ አነበበ፤ የፍጻሜውም ቃል ሲፈታ እንዲህ ነበር፦ «የሊቀ መላእክት የገብረ ሕይወት ጸሎትና በረከት፣ ኃጢአቱ ከበዛ ከአገልጋዩ ከሚካኤል ጋር ይሁን።» ሕዝቡ በልማድ «አሜን» አለ። ወዲያው ካህናቱ እርስ በርስ ተያዩ፤ ከኋላም አንድ ተማሪ ሳቁን መያዝ አቅቶት ፈነዳ። ሹክሹክታው ከጆሯቸው በደረሰ ጊዜ የደጃዝማቹ ፊት ከቀለሙ ይልቅ ቀላ።

«ጥቁሩን የጻፈ ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ።»

«ቀዩንስ ስለምን አልሞላሽም?»

«ስለ ከለከሉኝ።»

በዚያች ቅጽበት ልቧ፣ ያ ከንቱ ልብ፣ ቀንዱ ሲሰጣት አየ። ደጃዝማቹ ግን ጢማቸውን ዳስሰው፣ «እንግዲያውስ ፍቀሽ አስተካክዪው፤ ሹመቱ የእሸቴ እንደሆነ ይቆያል» አሉ። ያን ጊዜ ወለተ ሩፋኤል ከመቀነቷ ያን የጠቆረ ጨርቅ መዝዛ በተዘረጋው መጽሐፍ ላይ ጣለችው፤ «ኩታዎ ይኸው፣ ጌታዬ። የጻፈውም ሹምዎ ነው፤ የሚፍቀውም ሹምዎ ይሁን» ብላ ብርዖቿን በብብቷ አቅፋ፣ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ቅጥሩን ለቃ ወጣች።

ያን ብራና ሳይበሳ የሚፍቅ ሌላ እጅ በዚያ ቤት አልተገኘም፤ ስለዚህም ኅዳር በመጣ ቁጥር አንባቢው ከዚያች ስፍራ ሲደርስ ስሞቹ እንዳይሰሙ በኃይል ይስላል፤ ጌቶች ወንበርን ለወደዱት ይሰጣሉና፣ የገፉት እጅ ትቶባቸው የሄደውን ባዶ ግን በሹመታቸው ሁሉ አይሞሉትም።