በካርቶን የቀሩ መለያዎች

«እማ፣ የፈረምሽበት ወረቀት ምን ይላል?»

ሞሪሴትን ያን ቀን የጠየቀቻት ልጇ ሶሊን ነበረች። እናትየዋ የታጠበውን ሰላጣ ደግማ እያጠበች፣ «የሥራ ጉዳይ ነው፤ ዝም ብለሽ ብይ» አለቻት። አርባ አራት ዓመት ሲሞላት ከስሟ በቀር መጻፍም ማንበብም አትችልም ነበር። ይህን የሚያውቁት ጓደኛዋ ቤርቲልና አለቃዋ ለኦዴ፣ በፈረንሳዮቹ የአክብሮት አጠራር «ሙሴ ለኦዴ»፣ ብቻ ነበሩ።

ፋብሪካው በፈረንሳይ፣ ባሕር በሦስት ጎን በሚገርፈው የኖርማንዲ ጫፍ ላይ ነው። ነዶ ያለቀ የኑክሌር ነዳጅ እዚያ ይቆረጣል፣ በአሲድ ይሟሟል፣ ዳግም የሚያገለግለው ተለይቶ ይወጣል። ሞሪሴት ከዚያ የሚወጣውን ጓንት፣ መወልወያና የአየር ማጣሪያ የምትለይ ሠራተኛ ነበረች። ጨረር ወዳለበት ክፍል የገባ ሁሉ፣ ባዶ ካርቶን እንኳ ቢሆን፣ ቆሻሻ ሆኖ ነው የሚወጣው። የሚጨመቀው ተጨምቆ አምስቱ በርሜል አንድ ይሆናል። ከምን እንደተሠራ ያልታወቀ ዕቃ ግን አይጨመቅም፤ እንዳለ በሲሚንቶ ታሽጎ ለልጅ ልጅ ይቀመጣል።

ካርቶኑ ከበሩ ውጭ ይገፈፍ ያለችው እሷ ናት።

«ሙሴ ለኦዴ፣ ከምለየው ግማሹ እኮ ማሸጊያ ነው። ዕቃው ለምን ራቁቱን አይገባም?»

ለኦዴ ሳቀ። «ለካ ጭንቅላት አለሽ!» በሳምንቱ ወረቀት ይዞ መጣ። «ሐሳብሽን ለበላይ ላቅርብልሽ። እዚህ ጋ ፈርሚ።»

አፍራ ሳትጠይቅ ፈረመች። ወረቀቱ ሐሳቡ የለኦዴ መሆኑን፣ ቆሻሻው ስለሚቀንስ ቆሻሻ የሚለይ አንድ ሠራተኛ ብቻ እንደሚበቃ፣ ሞሪሴትም በፈቃዷ ወደ ልብስ መቀየሪያው ጽዳት መዛወሯን የሚገልጽ ነበር። ለኦዴ ተጨበጨበለት፤ ለእሷ መወልወያ ተሰጣት።

በዚያው ወር ረቡዕ ከሰዓት ማዘጋጃ ቤቱ ለአዋቂዎች የሚሰጠውን ትምህርት ጀመረች። ፊደል ናፍቋት አልነበረም፤ ያቺን ወረቀት ራሷ አንብባ ለኦዴ ፊት ላይ ልትወረውርበት ነበር። የደረሳትን የወረቀቱን ቅጂ እየደጋገመች በቃሏ ልትይዘው ተነሣች። መምህርቷ ገና በመጀመሪያው ወር «ሌላም ነገር አንብቢ እንጂ» ብትላት፣ ከበሩ ውጭ ከሚጣሉት ካርቶኖች ላይ የዕቃውን ዓይነት የሚገልጹትን የወረቀት መለያዎች እየላጠች ወደ ቤት ትወስድ ጀመር። ቀኑን፣ ማጣሪያው የሚገጠምበትን ክፍል፣ የተሠራበትን ነገር እያንዳንዱን ፊደል በጣቷ እየተከተለች ታነባለች።

ዓመት ተኩል አልፎ፣ በመጋቢት፣ ጣቷ አንዱ መለያ ላይ ቆመ። ድሮ ካርቶኑ አብሮ ሲገባ መለያውም አብሮ ይገባ ነበር። አሁን መለያው እሷ ቤት ካለ፣ ማጣሪያው ላይ ምን አለ? የተገጠመ ማጣሪያ አገልግሎ እስኪወጣ ሁለት ዓመት ይጠጋል። ሲወጣ ከምን እንደተሠራ የሚያውቅ አይኖርም። ለኦዴ አንድ ቀን እንኳ ቆሻሻ ለይቶ አያውቅም፤ ሐሳቧን ሰረቀ እንጂ የእጇን ልምድ አልሰረቀም።

ካርቶን የምትገፍፈው ቤርቲል ነበረች።

«መለያውን ላጥ አድርገሽ ዕቃው ላይ ለምን አትለጥፊውም?» አለቻት።

«አለቃሽ ‹ወረቀት የሚባል አይግባ› ብሏላ! እኔ ምን ቸገረኝ፣ እቴ? አንቺ ንገሪው፤ አሁንማ የተማርሽ ሰው ነሽ።»

ልትነግረው አስባ ነበር። ሶሊን ከባሕሩ ዳር ዛጎል ለቅማ በመጣች ቁጥር፣ የዚያ ሁሉ በርሜል ሸክም በማን ጫንቃ ላይ እንደሚቀር ታስባለች። አንድ ጠዋት ቆርጣ ተነሣች። ለኦዴ ግን የወለወለችውን እየረገጠ መጣና፣ «ምነው ሞሪሴት፣ ‹ይጠንቀቁ፣ እርጥብ ነው› ብለሽ በሩ ላይ አትጽፊም? ውይ፣ ረስቼው!» አለ። አብረውት ያሉት ሳቁ።

ሳትነግረው ወደ መወልወያዋ ተመለሰች። መጋቢት አለፈ፣ ሚያዝያም ግንቦትም አለፈ። ከሰኔ ጀምሮ ስም የለሽ ማጣሪያ ይወጣ ጀመር። ሠላሳ አንድ በርሜል በሲሚንቶ ታሸገ፤ ከኋላውም ሌላ ተሰልፏል።

በመስከረም ከዋና ከተማው ተቆጣጣሪዎች መጥተው ሠራተኛውን ምግብ አዳራሹ ውስጥ ሰበሰቡ። ለኦዴ ተነሥቶ፣ «ካርቶን የምትገፍፈዋ ጥንቃቄ ጎድሏት ነው» አለ። ቤርቲል ፊቷ አመድ መሰለ።

ሞሪሴት የጫማ ሳጥን ሙሉ መለያ በቀን በቀኑ ደርድራ ይዛ ወጣችና ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ከሥሩ ያቺን ወረቀት መዝዛ ዘረጋችለት።

«ለኦዴ፣ አንብበው። አንተ ማንበብ ታውቃለህ።»

እስከዚያ ቀን ‹አንተ› ብላው አታውቅም ነበር። ለኦዴ ጀመረ፤ «በፈቃዷ» የሚለው ላይ ሲደርስ ድምፁ ሰለለ።

«ጮክ በል! እኔ እዚህ ቃል ላይ ለመድረስ መንፈቅ ፈጅቶብኛል። ምነው ተንሸራተትህ? ወለሉ እርጥብ አይደል።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ለኦዴ እስከ መጨረሻው አነበበ። ሞሪሴት እያንዳንዷን ቃል እንደ ቀዝቃዛ ውኃ ጠጣቻት።

ሽማግሌው ተቆጣጣሪ መለያዎቹን ሲያገላብጡ ቆይተው ቀና አሉ። «በዚህ ተመርተን ያልታሸጉትን መጭመቅ እንችላለን። ግን እመቤቴ፣ ይህን ያወቁት መቼ ነው?»

«በመጋቢት።»

«ያኔ ተናግረው ቢሆንስ?»

«ሠላሳ አንዱ በርሜል ስድስት ሰባት ይሆን ነበር።»

ቤርቲል ከወንበሯ ዞር ብላ ዐየቻት። «እኔን ስትጠይቂኝ ታውቂ ነበር ማለት ነው?» አለቻት በቀስታ። ሞሪሴት ሁለት ዓመት ሙሉ ለለኦዴ ስታጠራቅም የኖረችው ቃል ብዙ ነበር፤ ለቤርቲል የሚሆን አንድም አልተገኘባትም።

በጥቅምት ለኦዴ ከፋብሪካው ወጣ። ቤርቲል የሥራ ተቋራጭ ቅጥር ስለነበረች፣ በየካርቶኑ መዝገብ ላይም የሰፈረው የእሷ ስም ስለሆነ፣ ውሏ ሳይታደስ ቀርቶ በዚያው ሳምንት ሄደች። ሞሪሴት ወደ ቆሻሻ መለያ ክፍሏ ተመለሰች፤ ከሦስቱ እሷ ብቻ ቀረች።