ጭምቷ ልጅ

እህቴ ዮርዳኖስ መታመሟን ከማንም በፊት ያወቅሁት እኔ ነኝ። የደበቅሁትም እኔ ነኝ። እናትና አባቴን አልወቅስም፤ እነሱ ፊደል አልቆጠሩም። እኔ አዲስዓለም ግን አስረኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ ከዚያም በላይ ራሷ ነግራኛለች።

ቤታችን ከንፋስ መውጫ አንድ ሰዓት ተኩል በእግር ያስኬዳል። ዮርዳኖስ አስራ ስድስት ዓመቷ ነው። ከተማ ውስጥ ከሁለት ልጆች ጋር ቤት ተከራይታ አስራ አንደኛ ክፍል ትማራለች። ቅዳሜ መጥታ የሳምንት ስንቋን ትይዝና እሁድ ትመለሳለች። ከጥምቀት ወዲህ ግን ስንቁ ሳይነካ ይመለስ ጀመር። አንድ ቅዳሜ የሻገተ እንጀራ ከዘንቢሏ ሳወጣ ደሜ ፈላ። ስንቋን የማዘጋጀው እኔ ነኛ!

«ከተማ ለምደሽ የኛ እህል አልጥምሽ አለ?»

«አይደለም እታለም። አይወርድልኝም።»

ደብተሯን አወጣች። ትምህርት ቤት አንዲት የጤና ባለሙያ መጥታ ለሴቶች ልጆች ያስተማረችውን ጽፋ ይዛለች። አጠገቤ ቁጭ ብላ አነበበችልኝ፤ እያነበበችም የራሷን ትጨምርበታለች።

«እንቅልፍ የለኝም። መምህሩ ስሜን ሲጠራ ልቤ ይመታል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ የማውቀው ሁሉ ይጠፋኛል። ደግሞ ሌላ ቀን ምንም ነገር አይሰማኝም። ልጆቹ ሲስቁ ምን እንደሚያስቃቸው አይገባኝም። ስንፍና መስሎኝ ራሴን ስሰድብ ነው የከረምሁ። ለካስ በሽታ ነው እታለም! ጭንቀትና ድባቴ ይባላል አለች። ይታከማል። ደብረ ታቦር ሐኪም አለ፣ ትልቅ ሰው ይዘሽ ሂጂ አለችኝ። አንቺ ውሰጂኝ።»

የሕመሟን ስም በማግኘቷ ደስ ብሏት ነበር። ከስንት ጊዜ በኋላ ፊቷ ሲፈታ አየሁ፤ እኔም እዚያው አጨለምሁት።

ምክንያቴ ይኸው። እኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፤ በኛ ቀበሌ በዚህ ዕድሜ አባቷ ቤት ያለች ሴት ምን እንደምትባል አፌን ሞልቼ አልናገረውም። ያን ሰሞን ሽማግሌ ተልኮብኝ ነበር። ሰውየው መሐሪ ይባላል፤ ንፋስ መውጫ የገብስ ነጋዴ ነው፤ ቆርቆሮ ቤት አለው። ሽማግሌዎቹ ደግሞ እሺ ከማለታቸው በፊት ሰባት ቤት ድረስ ዘር ይቆጥራሉ። በዘሩ የሚጥል በሽታ ያለበት ወይም አእምሮው የተነካ ሰው ከተገኘ ነገሩ እዚያው ላይ ይቀራል። ወደ ደብረ ታቦር በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ደግሞ እኛን የማያውቅ ሰው የለም።

«እስከ ፋሲካ ቻይው» አልኋት። «የኔ ነገር ይለቅና ራሴ እወስድሻለሁ።»

«ሁለት ወር ነው እኮ።»

«ሁለት ወር አይገድልም!»

ገጹን ቀድጄ ምድጃ ውስጥ ከተትሁት። እናቴ ማንበብ አትችልም፤ ቢሆንም ከተትሁት።

በጾሙ አጋማሽ፣ አንድ እሁድ፣ ሽማግሌዎቹ ዘር ሊቆጥሩ መጡ። የምትጠየቀዋ ልጅ ፊታቸው አትቀርብም፤ ጓዳ ትቀመጣለች። ስለዚህ የምታስተናግደው ዮርዳኖስ ናት። ጠዋት ከአልጋ ጎትቼ አስነሣኋት፣ ፊቷን አጠብሁ፣ ጸጉሯን እየጎተትሁ ሠራሁት። አለቀሰች። አሁኑኑ ካላቆምሽ እንዲያውም አልወስድሽም አልኋት። አቆመች።

በግድግዳው ስንጥቅ እመለከታት ነበር። ዋናውን ሽማግሌ መሪጌታ ቀለመ ወርቅን እጅ ስታስታጥብ እጇ ተንቀጥቅጦ ውኃው ጋቢያቸው ላይ ፈሰሰ። ሊያጎርሷት ቢሉ አንገቷን ደፋች። ስንተኛ ክፍል ነሽ ሲሏት የመለሰችውን የሰማ የለም። ጨርሳ በሩ ጥግ ቆመች፤ አንድም ጊዜ ቀና አላለችም።

«እንዴት ያለች ጭምት ናት!» አሉ መሪጌታ። «ታላቅ ስታይ እጇ የሚርድ ልጅ ዛሬ የት ይገኛል?»

«እህልም አታይ፣ ሳቅም የላት» አለ ሁለተኛው ሽማግሌ ይሁኔ። «የከተማ ተማሪ እኮ ናት!»

የእህቴን ሕመም አንድ በአንድ እያነሡ አመሰገኑት። እናቴ በኩራት አበጠች። እኔም ጓዳ ሆኜ አመለጥን አልሁ። አዎ፣ ደስ አለኝ።

ፋሲካ ዋለ። ዮርዳኖስ ትምህርቷን ትታ ቤት ተኝታለች፤ ለእናቴ ወገቧን አሟታል ብያታለሁ። በዳግም ትንሣኤ ማግስት ሽማግሌዎቹ ተመለሱ። እኔ አዲስ ቀሚስ ለብሼ ጓዳ ገብቻለሁ።

«አቶ ታፈረ» አሉ መሪጌታ፤ «ቃላችንን ልናስተካክል ነው የመጣን። ለልጃችን የምንፈልገው ታናሺቱን ነው።»

አባቴ መጀመሪያ ለኔ ተከራከረ፤ ግን ብዙ አልቆየም።

«ታላቋ እያለች? ደግሞስ ገና ልጅ ናት፤ ትምህርቷስ?»

«የታላቋም ዕድል ይመጣል። ቤቱ ከተማ አይደል? ትማራለች። ዕድሜዋንም አስራ ስምንት ብሎ የሚጽፍ ሰው አይጠፋም።»

አባቴ ጋቢውን አስተካከለ። ሊስማማ ሲል እንዲያ ነው የሚያደርገው። ከጓዳ ወጥቼ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆምሁ።

«ጭምት አይደለችም፣ ታማለች! እንቅልፍ የላትም፣ እህል አይወርድላትም፣ እጇ የሚንቀጠቀጠውም ከጭንቀት ነው። ሐኪም ያስፈልጋታል እንጂ ባል አያስፈልጋትም!»

ለእሷ ብዬ ይሁን ለራሴ ብዬ እስካሁን አላውቀውም። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። መሪጌታ ፈገግ አሉ።

«አይ ልጄ፣ ቢከፋሽ አይፈረድብሽም።»

አባቴ ግን አልሳቀም። «ከመቼ ጀምሮ ነው የታመመች?»

«ከጥምቀት ጀምሮ።»

«ሦስት ወር ሙሉ አውቀሽ ዝም አልሽ? የሐኪም ካርዷ የታለ? ማን አያት?»

መልሱን አውቀዋለሁ። ለራሴ ትዳር ስል ደበቅሁ ማለት ነበር። አራት ቃል ነው፤ ከአፌ አልወጣም። እናቴ መጥታ በጥፊ አለችኝ።

«ቅናተኛ! በእህትሽ ላይ በሽታ ትለጥፊያለሽ?»

ዮርዳኖስን ጠሯት። ነጠላዋን ተከናንባ መጣች፤ ከስታለች፣ ዓይኖቿ አብጠዋል። አባቴ እህትሽ የምትለው እውነት ነው ወይ ብሎ ጠየቃት። ቀና ብላ አየችኝ። በልቤ በይ ተናገሪ፣ በይ እያልሁ ለመንኋት። ዓይኗን መልሳ መሬት ላይ ጣለች።

«እዩልኝ!» አሉ መሪጌታ። «እህቷን ላለማዋረድ እኮ ነው!»

እናቴ እልል አለች። እኔ የዮርዳኖስን ክንድ ይዤ ወደ ጓዳ አስገባኋት፤ ክንዷ እጄን አይሞላም።

«ለምን አትናገሪም? አፍ የለሽም?» ጮኽሁባት። ያን ጊዜም ጮኽሁባት።

አልጋው ላይ ወጣች፤ ነጠላዋን ሳታወልቅ።

«ላንቺ ተናግሬ ነበር እኮ» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ውጭ አባቴ ሠርጉን ለግንቦት እየቆረጠ ነበር።